የሚቃጠል ሞተር ስጡን

ልዩ ዘገባ፦ ትንንሽ ሮቦቶች፣ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ልጆች፣ የተቆለፈውም ቤተ ሙከራ

መሐል ሜዳ የገበያ ቀን ነው። ከገጠር የመጡ ሰዎች በጋቢና በበርኖስ ተሸፋፍነው በጎቻቸውን እየነዱ ይገባሉ። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ስለሆነ ፀሐይ ወጥቶም ብርዱ ቶሎ አይለቅም። ከመንገዱ ዳር ካሉት ጠባብ ሱቆች በአንዱ የሞባይል ጠጋኝ ከመስተዋት ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጧል። ከእግሩ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ የማይሠሩ ስልኮች አሉ። ከፊቱ የቆመው የ8ኛ ክፍል ተማሪ ግን ስልክ ሊያስጠግን አልመጣም።

«ጋሼ፣ የሚንቀጠቀጠውን ሞተር ብቻ ይስጡኝ።»

ጠጋኙ ከአንድ አሮጌ ስልክ ሆድ ውስጥ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ሞተር በወረንጦ ነቅሎ አወጣ። ልጁ ኪሱ ውስጥ ያዘጋጀው አለ፦ የተቆረጠ የጥርስ ብሩሽ ጭንቅላት፣ የእጅ ሰዓት ባትሪና ፕላስተር። ሞተሯን ብሩሹ ጀርባ ላይ አጣብቆ ሁለቱን ፀጉር የሚያህሉ ሽቦዎች ከባትሪው ጋር አገናኘ። ብሩሹ መስተዋቱ ላይ እየተንዘፈዘፈ ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ለምን ወደ ፊት? የብሩሹ ክሮች ስለተጎነበሱ ነው። ሞተሯ ጫፍ ላይ ያለችው ብረት ወደ አንድ ጎን ስለምታደላ ስትዞር ብሩሹን ታንዘፈዝፈዋለች፤ እያንዳንዱ መንቀጥቀጥ ደግሞ ክሮቹን አጎንብሶ ሲለቃቸው ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ይገፋል። ብሩሹ የባንኮኒው ጫፍ ደርሶ ወደቀ። ልጁ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

ዓለም ላይ ትንንሽ ሮቦት መሥራት የጀመሩ ብዙ ልጆች በዚሁ በብሩሹ ጀምረዋል። ብዙዎቻችን ግን ሮቦት ሲባል የሚታየን ፋብሪካ ውስጥ የሚወዛወዝ የብረት ክንድ ወይም የሰው መልክ የተሰጠው አሻንጉሊት ነው። በትርፍ ሰዓት የሚሠራ፣ እጅ የሚያፍታታ፣ ቆይቶም እንጀራ የሚሆን ነገር መሆኑ ብዙም አይወራም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ ጭራሽ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል።

ከመውደቁ በፊት ዞር ቢልስ?

በጥብቅ ካየነው ያ ብሩሽ ገና ሮቦት አልሆነም። የባንኮኒው ጫፍ መድረሱን አላወቀም፤ ቢያውቅም የሚያደርገው አልነበረም። ሮቦት ለመባል ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ አካባቢውን የሚለካበት፣ በለካው መሠረት የሚወስንበት፣ የወሰነውን የሚፈጽምበት። ሦስቱ እስከተገናኙ ድረስ መጠኑ ቢያንስ፣ መልኩ ቢያስጠላ ለውጥ የለውም።

ይህን ቀድመው በትንሽ ነገር ካሳዩት አንዱ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ይኖር የነበረው የአንጎል ተመራማሪ ግሬይ ዋልተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 እና 1949 በባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ላይ የብርሃን መለኪያ፣ ግጭት የሚያውቅ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሁለት የሬዲዮ አምፑልና ሁለት ሞተር ገጥሞ «ኤሊ» ያላቸውን ማሽኖች ሠራ። ኤሊዎቹ ብርሃን እየፈለጉ ይሄዱ፣ ሲጋጩ ዞር ይሉ፣ ባትሪያቸው ሲደክም ወደ መሙያ ጎጇቸው ይመለሱ ነበር። ኮምፒውተር በክፍል ሙሉ ዕቃ ይሠራ በነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ የሆነው በሁለት አምፑል ነው።

ዛሬ የዋልተርን አምፑሎች የተካው የእጅ መዳፍ የማይሞላ ሰርኪት ነው። በዓለም ያሉ ጀማሪዎች በብዛት የሚያውቁት አርዱዊኖ የሚባለውን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ መምህራን ለተማሪዎቻቸው በርካሽ እንዲሆን ብለው የሠሩት ነው። በስፋት የታወቀው ዓይነት 14 ዲጂታልና 6 አናሎግ እግሮች አሉት፤ ፕሮግራም የሚቀመጥበት ቦታ 32 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። አንድ የስልክ ፎቶ እንኳ አይገባበትም። ግን ግድግዳ አይቶ የሚዞር ጋሪ ለመንዳት ይተርፋል። ንድፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ፋብሪካ ሊያመርተው ይችላል፤ ወደ እኛም በርካሽ የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

ደብረ ብርሃን ከተማ በተከራየው ክፍል ውስጥ አንድ የመንዝ ልጅ የሆነ የኢንጂነሪንግ ተማሪ እንዲህ ያለ ጋሪ ሠርቷል። ሰውነቱ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ጎን የተቆረጠ ነው። ሁለት ሞተር፣ ከፊት የድምፅ ርቀት መለኪያ፣ ከላይ አርዱዊኖ፣ ከሆዱ ሥር ከተበላሸ ላፕቶፕ ባትሪ የወጡ ሁለት ህዋሶች አሉት። ሲያበራው መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ጎማዎቹ ሩብ ዙር ይዞራሉ፣ ሁሉም ይጠፋል። እንደገና ብልጭ፣ ሩብ ዙር፣ ድርግም።

ፕሮግራሙን መላልሶ ቢያየው ስህተት የለውም። ችግሩ የነበረው ኮዱ ላይ ሳይሆን ባትሪው ላይ ነው። ሞተር ከቆመበት ሲነሳ እየዞረ ከሚፈልገው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። በዚያች ቅጽበት የባትሪው ቮልቴጅ ይወድቃል፤ አርዱዊኖው ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሳል፤ ሲነሳም መጀመሪያ የሚያደርገው ሞተሩን ማዘዝ ነው። መፍትሔው ለሞተሮቹ አንድ፣ ለአርዱዊኖው ሌላ ባትሪ ሰጥቶ ኔጋቲቮቻቸውን ማገናኘት ነው። ተማሪው ግን ይህን ከማግኘቱ በፊት የሞተር መንጃዋን ሰርኪት አቃጥሏል። የተቃጠለችውን አልጣላትም፤ ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቅሏታል።

«ኮዱን ከኢንተርኔት መቅዳት ይቻላል፤ የተቃጠለ ነገር ሽታ ግን ከየትም አይቀዳም» — ደብረ ብርሃን የሚኖር ተማሪ

ውርጭ የሚያስተምረው ፊዚክስ

የመንዝ ደጋ ለዚህ ሥራ የራሱን ፈተና ይጨምራል። እዚያው መንዝ ያለው የጓሳ ሜዳ ከ3,200 ሜትር ተነስቶ እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ በበጋው ሌሊት ውርጩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የላፕቶፕና የስልክ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከዜሮ በታች ሲሆን መሞላት የለበትም፤ ሊቲየሙ ውስጡ እንደ ብረት ልባስ ይጋገርና ባትሪው ይጎዳል፣ አደጋም ያመጣል። ስለዚህ በሶላር የሚሠራ መሣሪያ ሜዳ ላይ የሚያሳድር ሰው ንጋት ላይ ቸኩሎ እንዳይሞላ ማድረግ አለበት። አዲስ አበባ ያለ ሮቦት ሠሪ ይህ ሐሳብ ሽው አይልበትም።

የርቀት መለኪያዋም እንዲሁ ናት። ሁለት ዓይን የምትመስለው ይህች ዕቃ የሰው ጆሮ የማይሰማውን በሰከንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ ግድግዳ ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥራ ርቀቱ ይሰላል። ከ2 ሳንቲ ሜትር እስከ 4 ሜትር ትለካለች ይባልላታል። ግን ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ሲጓዝ በዜሮ ዲግሪ 331 ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው። ጀማሪው ከኢንተርኔት የወሰደው ቀመር 343ን ይዞ ከሆነ፣ በውርጭ ጧት አንድ ሜትር ላይ ያለው ግድግዳ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ርቆ ይታየዋል። ጋሪው የሚጋጨው ለዚህም ሊሆን ይችላል።

በዚሁ አካባቢ ፊዚክስ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። «የድምፅ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይለወጣል ብዬ ስጽፍ ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል። እንዲህ ከሆነማ ጧት ሁለት ሰዓትና ቀን ሰባት ሰዓት ላይ አስለክቼ ሰሌዳው ላይ አጽፋቸዋለሁ» አሉ። አንድ ርካሽ መለኪያና አንድ የውርጭ ጧት ይበቃል፤ ውርጩን መንዝ በነፃ ይሰጣል።

ሶፊያና የጠፋው ሻንጣ

አገሪቱ ሮቦትን በስፋት ያወራችው በ2010 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ነው። በሆንግ ኮንግ የተሠራችው ሮቦት ሶፊያ አዲስ አበባ መጣች፤ አማርኛ ተናገረች፤ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋርም ተገናኘች። ስትመጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ጠፍቶ የጋዜጠኞች መግለጫ እስከመሰረዝ ተደርሶ ነበር። ይህን ብዙ አንባቢ ያስታውሳል። በሶፊያ ሶፍትዌር ላይ የኢትዮጵያውያን እጅ እንዳለበት የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። በሶፍትዌሩ ሥራ የተሳተፈው አይኮግ ላብስ የተባለው ድርጅት በ2005 ዓ.ም በጌትነት አሰፋና በቤን ጎርትዘል አዲስ አበባ ውስጥ ሲመሠረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራን ለውጭ ደንበኞች በመሥራት ነው የጀመረው። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች ቀን የደንበኛ ኮድ ይጽፋሉ፤ ከዚያው ቤት ሮቦት ኳስ የሚያጫውቱ ቡድኖችም ወጥተዋል። ቤተልሔም ደሴ የመራችው ልጆችን ኮድ የማስተማር ሥራም የተወለደው እዚያው ነው።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ ማጋነን እኮራበታለሁ። ሆኖም ለመሐል ሜዳው ልጅ ሶፊያ አትጠቅመውም። ሊፈታት አይችልም፤ ሊያቃጥላትማ ጭራሽ አይታሰብም። የሚጠቅመው ሌላ ዓይነት ሮቦት ነው።

የሎሊፖፑ ሮቦት

እ.ኤ.አ. በ2012 የአፍሪካ ሮቦቲክስ ኔትወርክ የሚባል ስብስብ አንድ ውድድር አወጀ። ስብስቡን ያቋቋሙት ከጋና አሸሲ ዩኒቨርሲቲ አዮርኮር ኮርሳና ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ኬን ጎልድበርግ ነበሩ። ጥያቄው አጭር ነው፦ ተማሪ የሚማርበትን ሮቦት በ10 ዶላር ማን ይሠራል? ካሸነፉት አንዱ ታይላንድ የሚኖረው ቶም ቲሊ ሲሆን የሠራውም ከቪዲዮ ጌም መጫወቻ እጀታ ነበር። እጀታው ውስጥ ያሉትን ሁለት የሚንቀጠቀጡ ሞተሮች አውጥቶ ጎማ ነጂ አደረጋቸው፤ ጣት የሚገፋቸው ቁልፎች የግጭት ማወቂያ ሆኑ። ሚዛን እንዲጠብቁለትም ሁለት የሎሊፖፕ ከረሜላ ሰካበት። ዋጋው 8 ዶላር ከ96 ሳንቲም ወጣ።

የዚህን ሮቦት ትልቅነት ከርካሽነቱ ብቻ አላየውም። ቢሰበር ማንም አይቆጣም። ልጅ ነገር የሚገባው ፈትቶ፣ አበላሽቶ፣ መልሶ ገጥሞ ነው። የመንዝ ልጅ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሲሠራ፣ ከጭቃ በሬ ሲያበጅ የሚከለክለው የለም፤ ሽቦው ቢጣመም ያቃናዋል፣ ጭቃው ቢፈርስ ያቦካዋል። በሱፍ ሥራ ባና የሚሸምኑት አባቶችም እጃቸውን ያፍታቱት ክር በመበጠስ ነው። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ያለ ባለሙያ ከወዳደቀ ብረት ምድጃና ባልዲ የሚያወጣው በዚያው መንገድ ሠልጥኖ ነው።

ከዚሁ ከእኛው ምድር ሌላ ማስረጃ አለ። በ2004 ዓ.ም «ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች በካርቶን የታሸጉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ለልጆች አስቀምጦ ነበር። አንዱ መንደር የወንጪ ደጋ ላይ፣ ሌላው ወለንጪቲ ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ቆይቶ እንደተናገረው፣ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ሠሪዎቹ የዘጉትን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ስለ ሙከራው ውጤት ባለሙያዎች ተከራክረዋል። እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፦ «አትንኩ» የሚል ሰው አጠገባቸው አልነበረም።

«አባቴ 'ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም' ይላል። እኔ ደግሞ ለራት አይደለም ያቦካሁት እለዋለሁ» — የ8ኛ ክፍል ተማሪ

እንጀራውስ?

ወላጅ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ልክም ነው። ገብስ የሚያጭድ፣ በግ የሚጠብቅ እጅ በሚያስፈልግበት ቤት ልጅ ብሩሽ ሲያንዘፈዝፍ ቢውል ማን ዝም ይላል?

መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከቀድሞው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተነስታ ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎች፣ በ2011 ዓ.ም የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎች በርካታ ፋብሪካዎች አሏት። እነዚህ ቤቶች ውስጥ በስሙ ሮቦት የሚባል ነገር ባይኖርም ሥራው ያው ነው። ጠርሙስ በማጓጓዣው ላይ ሲያልፍ የብርሃን መለኪያ ያየዋል፤ ፒኤልሲ የሚባለው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ይወስናል፤ ሞተር ወይም ቫልቭ ይፈጽማል። መለካት፣ መወሰን፣ መፈጸም፤ የጀሪካኑ ጋሪ በትልቁ ማለት ነው። አንድ ጋሪ ሠርቶ ለምን እንደጠፋ ለይቶ ያወቀ ልጅ የቆመ የማምረቻ መስመር ፊት ሲደርስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

በአንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል የሚሠራ ቴክኒሻን ሥራ ፈላጊ ሲመጣ የሚያደርገውን ነገረኝ። ስለ ትምህርት ማስረጃው አይጠይቅም፤ መልቲ ሜትር ያቀብለውና የማይሠራ መለኪያ ያሳየዋል። «ብዙዎቹ መልቲ ሜትሩን እንደ ዕንቁላል ይይዙታል» አለ። «ኮሌጅ ውስጥ ሲያዩት እንጂ ሲነኩት አልኖሩም። የሬዲዮ ጠጋኝ ልጅ ከመጣ ግን በአያያዙ አውቀዋለሁ።»

ሌላም እንጀራ አለ፤ ትንንሽ ቢሆንም የራስ ነው። የዶሮ ዕንቁላል መፈልፈያን ሙቀት የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ፣ ታንከር ሲሞላ ፓምፕ የሚያጠፋ ማብሪያ፣ የአፈር እርጥበት ለክቶ የጠብታ መስኖ የሚከፍት ቫልቭ፣ ሌሊት የበጎች በረት ሲከፈት የሚጮህ ደወል። ሁሉም ከአርዱዊኖና ከጥቂት ዕቃ ይሠራሉ። መርሐ ቤቴ ውስጥ ዓለም ከተማ ላይ፣ ካርልሄይንዝ በም የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል አለ። እንዲህ ያለ ከዋና ከተማ የራቀ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ማሽን ሲቆም ባለሙያ ከሩቅ መጥራት የሚያስከትለውን መዘግየት ሕመምተኛ የያዘ ሰው ያውቀዋል። ቅርብ ያለ፣ ሰርኪት የማይፈራ እጅ ስንት ቀን ያተርፋል!

ሳላነሳው የማላልፈው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ መንገድ አቋርጧል፣ ኢንተርኔትንም ለወራት አጥፍቷል። በሰላሙ አገር የትርፍ ሰዓት ሮቦት ሠሪዎች የሚያበሩት ትንሽ ድሮን እዚህ ሰማይ ላይ ቢታይ እናት ልጇን ይዛ ትሮጣለች። ስለዚህ በዚህ ደጋ ስለ ሮቦት የሚያወራ ሰው ከመሬት የማይነሳውን፣ ጎማና ብሩሽ ያለውን ይዞ ቢመጣ ይሻላል። የልጆቹ ፍላጎት ግን አልጠፋም፤ ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ጠጋኝ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ያያል።

ሞዴል 22

ብዙ ሰው ችግሩ የገንዘብ ነው ይላል። ገንዘብ ያንሳል፤ ዕቃው ከውጭ ስለሚገባ የምንዛሬው ለውጥም ዋጋውን ሰቅሎታል። ይህ እውነት ነው። ግን በየትምህርት ቤቱ ያለውን ዕቃ እንኳ ልጅ አይነካውም። የፊዚክስ መምህሩ ምክንያቱን በአንድ ቅጽ አስረዱኝ።

ለቤተ ሙከራ የሚመጣ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። መምህሩ ሲፈልገው በሞዴል 22 ፈርሞ ያወጣዋል። ከፈረመ በኋላ ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ተጠያቂው እሱ ነው። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው መምህር አንድ የሞተር ሳጥን ፈርሞ አውጥቶ ለአርባ ልጅ ቢያከፋፍል ሁለቱ ወይም ሦስቱ መቃጠላቸው አይቀርም። ስለዚህ አይፈርምም። ዕቃው በካርቶኑ እንደታሸገ ይቀመጣል፤ በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ሁሉም ይገኛል፤ ሪፖርቱም ያማረ ይሆናል።

«ንብረቱ ዳነ፤ ልጁስ?» — በመንዝ የሚያስተምሩ የፊዚክስ መምህር

መውጫው ግን እዚያው ደንብ ውስጥ አለ። የመንግሥት ንብረት አሠራር ቋሚ ዕቃና አላቂ ዕቃን ይለያል። ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ ማይክሮስኮፕ ቋሚ ናቸው፤ ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የኬሚስትሪ አሲድ አላቂ ናቸው። ጠመኔ ለምን አለቀ ተብሎ የተከሰሰ መምህር የለም። ትንሽ ሞተር፣ የርቀት መለኪያ፣ ሽቦ፣ የሞተር መንጃ ሰርኪት፣ አርዱዊኖውም ጭምር ሲገቡ በአላቂ ዕቃ ቢመዘገቡ መምህሩ ሳይሰጋ ያወጣቸዋል፤ የተቃጠለውን በቃለ ጉባኤ ይወገድ ያሰኛል፤ ልጁም እንደ ደብረ ብርሃኑ ተማሪ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም። ርእሰ መምህሩ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊዋና የወረዳው ፋይናንስ ባለሙያ አንድ ከሰዓት ተቀምጠው የሚጨርሱት ነው።

መምህሩ ማመልከቻውን ጽፈዋል። አላቂ ይሁኑልኝ ካሏቸው ዕቃዎች ዝርዝር መጨረሻ ላይ ሃያ የጥርስ ብሩሽም አለበት።